ሰበብ ያላጣው ሯጭ

በአማርኛ «ለምን?» ለሚል ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ አለ፤ ምክንያትና ሰበብ። ሰበብ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው። በዚያ ቋንቋ መነሻ ወይም ምክንያት ማለት እንጂ ነቀፋ የለበትም። ወደ አማርኛ ሲገባ ግን ነቀፋ ተጨመረበት። ምክንያቱን የሚያስረዳ ሰው ይደመጣል፤ ሰበብ የሚያበዛ ሰው ይናቃል። የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ ቀላል ነው፤ ምክንያት እውነት ነው፣ ሰበብ ውሸት ነው።

መልሱ ቀላል ይሁን እንጂ ልክ አይደለም። ማለዳ ተነስቶ መሮጥ ያቃተው ሰው ብርዱ ከብዶታል፤ ይህ እውነት ነው። መጽሐፍ ካነሣ ዓመት ያለፈው ሰው ሥራ በዝቶበታል፤ ይህም እውነት ነው። መቆጠብ ያልቻለውም ደመወዙ በእርግጥ ከወር ወር አያደርሰውም። ሰው ራሱን የሚያታልለው በውሸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር፤ ውሸት ቶሎ ይነቃበታል። ሰበብ ዕድሜው የሚረዝመው አብዛኛውን ጊዜ እውነት ስለሆነ ነው። ታዲያ እውነት ከሆነ ሰበብ ያሰኘው ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ በሐሳብ ብቻ ከማብሰልሰል በሰው ሕይወት ላይ ማየት ይሻላል። አዲግራት ተወልዶ፣ ሞስኮ ላይ ገንኖ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ያረፈው የሻምበል ምሩፅ ይፍጠር ሕይወት ለዚህ ይመቻል። ምሩፅ በሩጫ ዘመኑ ብዙ ነገር አጥቷል፤ ያላጣው ነገር ቢኖር ሰበብ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ዙር ሲቀር

ምሩፅ የተወለደው በ1936 ዓ.ም. ነው። በወጣትነቱ በፋብሪካ ሠርቷል፣ ጋሪ ነድቷል፤ በኋላ አየር ኃይል ገባ። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ሩጫ ቤቱ ወታደር ቤት ነበር። አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ የወጡት ከክብር ዘበኛ ነው፤ ምሩፅ ደግሞ ከአየር ኃይል። በ1961 መባቻ በሜክሲኮ ኦሎምፒክ ማሞ በማራቶን ወርቅ ሲያመጣ ምሩፅ ገና ተራ ጠባቂ ነበር።

በውጭ አገር ስሙ የተሰማው መጀመሪያ በስህተት ነው። ሐምሌ 1963 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ደርሃም በምትባል ከተማ የአሜሪካና የአፍሪካ አትሌቶች የሚገናኙበት ውድድር ተዘጋጅቶ ነበር። በ5,000 ሜትር ምሩፅ የመጨረሻው ዙር መስሎት በሙሉ ኃይሉ አፈተለከ፤ ሁሉንም ጥሎ መስመሩን አለፈና ቆመ። ግን አንድ ዙር ይቀር ነበር። አሜሪካዊው ስቲቭ ፕሪፎንቴይን የቀረውን ዙር ጨርሶ አሸነፈ።

ለዚህ ስህተት ምክንያት መደርደር ይቻል ነበር። አገሩ እንግዳ ነው፤ ቋንቋው አይገባም፤ የሕዝቡ ጩኸት ያደናግራል። በማግስቱ ግን 10,000 ሜትር ነበር። ምሩፅ ተሰለፈ፤ በዓመቱ በሙኒክ የማራቶን ወርቅ የወሰደውን ፍራንክ ሾርተርን ቀድሞ ገባ። በአንድ ቀን ልዩነት የተደረጉት እነዚህ ሁለት ሩጫዎች ለቀጣዮቹ ዓመታት እንደ ማውጫ ናቸው፤ አንድ ነገር ይበላሻል፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ሩጫ አለ።

ነሐሴ 28 ቀን 1964 በሙኒክ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ተደረገ። በሩጫው እኩሌታ ገደማ ፊንላንዳዊው ላስ ቪረን ተደናቅፎ ወደቀ። ተነሣ፣ ደረሰባቸው፣ አሸነፈ፤ ያውም በ27 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ። ቤልጅጋዊው ኤሚል ፑተማንስ ሁለተኛ፣ ምሩፅ ሦስተኛ ሆኑ። በመጀመሪያ ኦሎምፒኩ ነሐስ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ የ5,000 ሜትሩ ገና ይጠበቅ ነበር።

በ5,000 ሜትር ግን ምሩፅ አልሮጠም። ወደ መነሻው የደረሰው ዘግይቶ ነው። ስለ መዘግየቱ ባለፉት ዓመታት የተወራው ብዙ ነው፤ መጸዳጃ ቤት ቆይቶ ነው የሚል አለ፤ በር ተሳስቶ ነው የሚል አለ፤ ጥፋቱ የአለቆቹ ነው የሚልም አለ። አገሩ ሲመለስ ጥርጣሬ ጠበቀው፤ ታስሮ እንደነበረና በእስር ላይ ሳለም ልምምዱን እንዳላቋረጠ ይነገራል። የሚታወቀው ውጤት ግን ይህ ነው፤ ከሙኒክ አራት ወር ገደማ በኋላ፣ በሌጎስ በተደረገው የመላ አፍሪካ ጨዋታ፣ በ10,000 ሜትር ወርቅ፣ በ5,000 ሜትር ብር ወሰደ።

ሞንትሪያል፣ ሁለት ጊዜ

ካናዳ ወደ ምሩፅ ታሪክ የገባችው ከቶሮንቶ በፊት ነው። በሐምሌ 1968 ኦሎምፒኩ የተዘጋጀው በሞንትሪያል ነበር። ምሩፅ በ32 ዓመቱ፣ በብዙ ሯጭ ዘንድ የጉልበት ጫፍ በሚባለው ዕድሜ ላይ ነበር። ሆኖም የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን የዘር መድልዎ ወደነገሠባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ፣ የዓለም ኦሎምፒክ ኮሚቴም ኒውዚላንድን አላግድም በማለቱ፣ ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች ጨዋታውን ጥለው ወጡ። ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። ቪረን በሌሉበት ሰዎች መካከል ሮጦ 5,000ውንም 10,000ውንም ዳግመኛ አሸነፈ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ለምን አልሮጥክም ተብሎ ቢጠየቅ ምሩፅ የሚሰጠው ምክንያት ከማንም ነቀፋ የራቀ ነው። እግሩ አልደከመም፤ ልቡ አልፈራም። ውሳኔው የመንግሥታት ነው፤ ዓላማውም የከበረ ነው። በዚያው ሰሞን ሶዌቶ ውስጥ ሕፃናት በጥይት ሲወድቁ ነበር። ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ምክንያት አይገኝም። እንዲህ ያለ ምክንያት ያለው ሰው የሩጫ ጫማውን ሰቅሎ ቀሪ ዘመኑን «ያን ጊዜ ባይከለክሉኝ ኖሮ» እያለ ቢኖር የሚነቅፈው አይኖርም።

አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ደካማ ምክንያት ባለቤቱን ያሳፍረዋልና ቶሎ ይጣላል። ጠንካራ ምክንያት ግን ቤት ይሆናል፤ ሰው ይገባበትና ይኖርበታል። በ1968 ምሩፅ እጅ ላይ የነበረው ጠንካራ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ የነበረውን ዘመን ማስታወስ ይገባል። 1969ና 1970 የቀይ ሽብር ዓመታት ናቸው። ሬሳ በጎዳና የሚጣልበት፣ በሰዓት እላፊ ከተማው የሚዘጋበት፣ በምሥራቅ ከሶማሊያ ጋር ጦርነት የሚነድበት ጊዜ ነበር። ለማለዳ ሩጫ የሚመች ዘመን አልነበረም። አሠልጣኙ ንጉሤ ሮባና ልጆቹ ግን ልምምዳቸውን ቀጠሉ። በ1969 ማብቂያ በጀርመን ዱሰልዶርፍ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ምሩፅ ለአፍሪካ ቡድን ተሰልፎ 5,000ውንም 10,000ውንም አሸነፈ።

ሁለተኛው የዓለም ዋንጫ የተደረገው በነሐሴ 1971 ነው። ቦታው ሞንትሪያል፣ ከሦስት ዓመት በፊት ሳይሮጥበት የቀረው ያው የኦሎምፒክ ስታዲየም ነበር። ምሩፅ እዚያም ሁለቱንም ርቀቶች አሸነፈ። የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የለበትም፤ ከጋዜጦች የስፖርት ገጽ ውጭም ብዙ አልተጻፈበትም። ነገር ግን ከሕይወቱ አንድ ቀን ብቻ መርጦ ሰበብና ልማድ ምን እንደሆኑ ለማሳየት ለሚፈልግ ሰው ከሞስኮ ይልቅ ይህ ቀን ይበልጣል። ተዘግቶበት የነበረው በር በተከፈተ ጊዜ ምሩፅ ዝግጁ ሆኖ ቆሞ ነበር፤ ዝግጁ የሆነው ደግሞ በሩ ሲከፈት አይደለም። በሩ በተዘጋባቸው ሦስት ዓመታት ነው።

300 ሜትር

የሞስኮው ታሪክ በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ሐምሌ 20 ቀን 1972 በ10,000 ሜትር ፍጻሜ ምሩፅ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ እየተፈራረቁ ፍጥነቱን ሲያነሱና ሲጥሉ ሌላውን ሯጭ ትንፋሽ አሳጡት። 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ምሩፅ ተነጥሎ ወጣ፤ በ27 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ገባ። ፊንላንዳዊው ካርሎ ማኒንካ ብር፣ መሐመድ ከድር ነሐስ፣ ቶሎሳ አራተኛ ሆኑ። ቪረን አምስተኛ ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 25፣ በ5,000 ሜትር ያው ሆነ፤ ታንዛኒያዊው ሱሌይማን ኒያምቡይ ተከትሎት ገባ። «ማርሽ ቀያሪው» የሚለው ስም በዓለም ላይ የጸናው ያኔ ነው።

በደርሃም ዙር የተሳሳተው ሰው በሞስኮ ዓለም ሁሉ የሚጠብቀው የ300 ሜትር ባለቤት ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ዘጠኝ ዓመት ነው። ማርሽ መቀየር የሚባለው ነገር በመጨረሻው ደቂቃ የሚመጣ ተአምር ይመስላል፤ ተመልካች የሚያየው ያንን ብቻ ነውና። ነገር ግን የደከመ እግር በ10 ኪሎ ሜትር ማብቂያ ላይ ፍጥነት የሚያገኘው ለዚያ ሲለማመድ ከኖረ ብቻ ነው።

የውጭ ጋዜጠኞች ከወርቁ ይልቅ ዕድሜው አሳሰባቸው። መዝገቡ 36 ይል ነበር፤ እነሱ ከዚያ በላይ ነው እያሉ ይገምቱ ነበር። ምሩፅ የሰጠው መልስ እስካሁን ይወራል። ሰዎች ዶሮውን ሊሰርቁት ይችላሉ፣ በጉንም ሊሰርቁት ይችላሉ፤ ዕድሜውን ግን የሚሰርቀው እንደሌለ ነገራቸው። ጋዜጠኞቹ እንደ ቀልድ ጻፉት። ከስድስቱ የኦሎምፒክ ወርቅ ዕድሎች አራቱን ላጣ ሰው፣ ሰው ሊሰረቅ ስለሚችለውና ስለማይችለው ነገር መናገር ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ሁለቱ በሞንትሪያል በመንግሥታት ውሳኔ ሄደዋል፤ አንዱ በሙኒክ በመዘግየት፤ አንዱ በዚያው በሙኒክ በቪረን ብርታት።

ለማዳ

ልማድ የሚለው ቃል ከለማዳ ጋር አንድ ሥር አለው። ለማዳ እንስሳ ማለት ከሰው ጋር መኖርን የለመደ፣ ሲጠሩት የሚመጣ፣ ሳይጠሩትም ማታ ወደ በረቱ የሚመለስ ነው። ዱር አራዊትን በየቀኑ ማባበል ያስፈልጋል፤ ለማዳ ከብት ግን መንገዱን ያውቀዋል። ልማድም እንዲሁ ነው። ጥሩ ልማድ ያለው ሰው በየማለዳው ከራሱ ጋር ክርክር አይገጥምም። ክርክሩ ከተጀመረ ሰበብ ያሸንፋል፤ በክርክር ሰበብን የሚረታው የለም፤ ማስረጃው ሁሉ በእጁ ነውና።

የአሜሪካው ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው የሥነ ልቦና መጽሐፍ ስለ ልማድ የጻፈው ምዕራፍ ለረጅም ጊዜ እንደ ሕግ ታይቷል። አዲስ ልማድ ሥር እስኪሰድ ድረስ አንዲት ቀን እንኳ ማፍረስ አይገባም ይላል፤ አንድ ጊዜ ከእጅ ያመለጠ ልቃቂት በብዙ ዙር የተጠቀለለውን ክር በአንድ አፍታ ይፈታልና። ምክሩ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጉዳት አለው። አንድ ቀን ያፈረሰ ሰው «ከእንግዲህማ ተበላሸ» ብሎ ሁሉንም እንዲተው ሰበብ ያቀብለዋል።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ነገሩን በሰዎች ላይ ፈተኑት። 96 ፈቃደኞች አንዳንድ ትንሽ ተግባር መርጠው፣ ለምሳሌ ከምሳ ጋር ውኃ መጠጣትን ወይም ከእራት በፊት 15 ደቂቃ መሮጥን፣ ለ12 ሳምንት በየቀኑ በተመሳሳይ ሁኔታ ሲያደርጉ ተከታተሏቸው። ተግባሩ ሳይታሰብበት እስኪደረግ ድረስ የወሰደው ጊዜ መካከለኛ ግምቱ 66 ቀን ሆነ። ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነበር፤ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን። ከሁሉ የሚጠቅመው ግኝት ሌላ ነው። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላደረሰበትም። ልቃቂቱ ቢወድቅም ሁሉ አልተፈታም።

የምሩፅ ታሪክም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ደርሃም አንድ የፈረሰ ቀን ነበር፤ ሙኒክም እንዲሁ፤ ሞንትሪያል ደግሞ በሌሎች የፈረሰ። የፈረሰ ቀን ልማድን አይገድልም። ልማድ የሚሞተው የፈረሰው ቀን ለነገው ቀን ምክንያት ሆኖ ሲሾም ነው።

በመስቀል ዕለት፣ በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር

ምሩፅ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ካናዳ ተሻገረ፤ ኑሮውንም በቶሮንቶ አደረገ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ ከደርግ ዘመን ጀምሮ የመጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩባት ነበር። በምሥራቁ በኩል በዳንፎርዝ ጎዳና ምግብ ቤቶችና የቅመም ሱቆች ተከፍተው ሠፈሩ በኋላ «ሊትል ኢትዮጵያ» ለመባል በቃ። ምሩፅ በዚያች ከተማ ባሳለፋቸው ዓመታት፣ ቶሮንቶ ከእሱ ጋር ግንኙነት የሌላቸው፣ ግን ስለ ዕድሜና ስለ ልማድ የእሱን ጥያቄ የሚጋሩ ሁለት አዛውንት ሯጮችን አስተናግዳለች።

መስከረም 17 ቀን 1996፣ በመስቀል ዕለት፣ በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር የሚካሄደው የቶሮንቶ ዋተርፍሮንት ማራቶን ተደረገ። ከሯጮቹ መካከል የ72 ዓመቱ ኤድ ዊትሎክ ነበሩ። ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ጨረሱ። ከ70 ዓመት በላይ ሆኖ ከ3 ሰዓት በታች የሮጠ ሰው ከዚያ ቀን በፊት በዓለም አልነበረም። በዚያው ዕለት፣ በዚያው መንገድ፣ የ92 ዓመቱ ፋውጃ ሲንግ በ5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገቡ።

ዊትሎክ ተወላጅነታቸው ከለንደን ሲሆን ወደ ካናዳ የመጡት በማዕድን መሐንዲስነት ነው። በወጣትነታቸው ይሮጡ ነበር፤ ተጎድተው ተዉት፤ የተመለሱበት በአርባዎቹ ዕድሜያቸው ነው። የሚኖሩት ከቶሮንቶ በስተምዕራብ በምትገኘው ሚልተን ነበር። ልምምዳቸው የሚያስገርመው በቀላልነቱ ነው። ከቤታቸው አጠገብ ባለ የመቃብር ስፍራ ውስጥ ባለች አጭር መንገድ ላይ ይዞራሉ፤ ቀስ ብለው፣ አንዳንዴ እስከ ሦስት ሰዓት። ዙሩን አይቆጥሩም፤ የሚያዩት ሰዓት ብቻ ነው። አሠልጣኝ የላቸውም፤ ጫማቸው ያረጀ ነው። ይህን ሁሉ ዙር ይወዱት እንደሆነ ሲጠየቁም አሰልቺ ነው ብለው ይመልሱ ነበር።

ይህ መልስ ስለ ልማድ ከሚነገሩ ብዙ ምክሮች ይልቅ ይረባል። ብዙ ሰው ፍላጎት እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ «ልቤ አልተነሣሣም» ይላል። ዊትሎክ ልባቸው እስኪነሣሣ አልጠበቁም። የመረጡት ስፍራ ራሱ ሰበብን የሚቀንስ ነው፤ መኪና አያሰጋም፤ ቢደክማቸው ቤታቸው ቅርብ ነው። በ70 ዓመታቸው ከ3 ሰዓት በጥቂት ሰከንድ ዘግይተው ገብተው ነበር፤ ከዚያም የጉልበት ሕመም አስቀመጣቸው። ሲሻላቸው በትንሽ ጀምረው ቀስ በቀስ ጨመሩ። እንቁላል በእግሩ የሚሄደው እንዲህ ነው።

የፋውጃ ሲንግ መንገድ ሌላ ነው። በሕንድ ፑንጃብ የተወለዱ ገበሬ ነበሩ። በሰማንያዎቹ ዕድሜያቸው ሚስታቸውንና ልጃቸውን በተከታታይ ቀበሩ፤ ሩጫን የያዙት ከዚያ ሐዘን በኋላ ነው። የመጀመሪያ ማራቶናቸውን በለንደን ሲሮጡ 89 ዓመታቸው ነበር። ጥቅምት 5 ቀን 2004 ደግሞ እንደገና ቶሮንቶ ላይ ተሰለፉ፤ 100 ዓመት ሞልቷቸው ከ8 ሰዓት በላይ ፈጅቶባቸው ጨረሱ። የጊነስ መዝገብ አዘጋጆች ግን አልመዘገቧቸውም፤ የልደት ምስክር ወረቀት ይቅረብ አሉ። በተወለዱበት ዘመን በመንደራቸው እንዲህ ያለ ወረቀት አይሰጥም ነበር። ከሞስኮ 31 ዓመት በኋላ፣ ምሩፅ በሚኖርበት ከተማ፣ ያው የዕድሜ ጥያቄ ለሌላ ሯጭ ቀረበ። ሲንግም ወረቀት ባይሰጣቸውም መሮጥ አላቆሙም።

2009 ዓ.ም. ታሪኮቹን አቀራረበ። ጥቅምት 6 ቀን ዊትሎክ በ85 ዓመታቸው በቶሮንቶ ማራቶን 3 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ሮጡ። ታኅሣሥ 13 ቀን ምሩፅ ይፍጠር በ72 ዓመቱ በቶሮንቶ አረፈ። መጋቢት 4 ቀን ዊትሎክ ተከተሉ።

ዋስ ያለው ልማድ

ቶሮንቶ ለሰበብ የምትመች ከተማ ናት። በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ40 ገደማ ትጠልቃለች፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ብዙ ኢትዮጵያዊ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ አገር ቤት የተማረበት ዲፕሎማ አይታወቅለትም፤ ከሚያገኘው ላይ ለቤተሰብ ይልካል። ከዚህ ውስጥ አንዱም ውሸት አይደለም። ስለዚህ ስለ ጥሩ ልማድ የሚናገር ሰው መጠንቀቅ ይገባዋል። «ሰበብ አታብዛ» የሚለው ቃል በአለቃ አፍ ሲሆን ብዙ ጊዜ ግፍን መሸፈኛ ነው። የተበደለ ሰው በደሉን የመናገር መብት አለው። የ1968ቱ የአፍሪካ አገሮች መውጣትም ለዚህ ምስክር ነው፤ ምክንያት መደመጥ አለበት።

ሆኖም ማኅበረሰቡ ሰበብን የሚያሸንፍበት የቆየ ዘዴ አለው፤ ዕቁብ ነው። ዕቁብተኛው በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ይጥላል፤ ዕጣ ይወጣል፤ የደረሰው ይወስዳል። ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዕጣው አስቀድሞ የወጣለት ሰው እስከ መጨረሻው ዙር መጣል አለበት፤ ለዚህም ዋስ ይጠራል። ዳኛው ዘንድ «በዚህ ሳምንት አልተመቸኝም» የሚል ቃል ዋጋ የለውም። ምክንያቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ዕቁቡ ግን እውነትነቱን አይመረምርም። ብቻውን መቆጠብ ያቃተው ሰው በዕቁብ የሚቆጥበው ደመወዙ ስለጨመረ አይደለም። በየሳምንቱ ከራሱ ጋር የሚያደርገው ክርክር ስለቀረለት ነው።

ዊትሎክ ክርክሩን ያስቀሩት ለቤታቸው ቅርብ በሆነች መንገድ ነው፤ ዕቁብተኛው በዋስና በዳኛ። ምሩፅ ደግሞ ወታደርነት፣ አሠልጣኝና አብረውት የሚሮጡ ባልደረቦች ነበሩት። በሞስኮ መሐመድና ቶሎሳ ከጎኑ ባይኖሩ ኖሮ ያ 10,000 ሜትር ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ጥሩ ልማድ የብቸኛ ጀግና ሥራ ተደርጎ ቢወራም አብዛኛውን ጊዜ ቦታ፣ ሰዓትና ሰው ያለው ነገር ነው።

የምሩፅ ልማድም ከእሱ ጋር አላበቃም። የሞስኮውን ሩጫ በአርሲ ገጠር በሬዲዮ የሰማው ሕፃን ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። ኢትዮጵያ የሎስ አንጀለስንና የሴኡልን ኦሎምፒኮች በፖለቲካ ምክንያት ስትቀር፣ ሌላ የሯጮች ትውልድ ምሩፅ በሞንትሪያል ያየውን ዕጣ አየ። ከዚያ ግን ደራርቱ ቱሉ መጣች፤ ኃይሌ መጣ። ቀነኒሳ በቀለ በነሐሴ 2000 በቤጂንግ 5,000ውንና 10,000ውን በአንድ ኦሎምፒክ ሲያሸንፍ ከምሩፅ ወዲህ የመጀመሪያው ሰው ነበር፤ በመካከሉ 28 ዓመት አልፏል።

ወደ መነሻው ጥያቄ ስንመለስ፣ ምክንያትና ሰበብ የሚለያዩት በእውነትና በውሸት አይደለም። የሚለያዩት በጊዜ ነው። ምክንያት ትናንትን ያስረዳል፤ ስለዚህ ይደመጣል። ያው ምክንያት ነገ ማለዳ ላይ ሲጠራ ሰበብ ይሆናል። ምሩፅ በ1968 ለምን እንዳልሮጠ ማንም ሊያስረዳ ይችላል። በ1969፣ በ1970ና በ1971 በየማለዳው መነሣቱ ግን ያንን ምክንያት አልጠየቀም። በሞንትሪያል የቀሩት ሁለት ውድድሮች ተወስደውበታል፤ እነዚያን ማለዳዎች ግን እንደ ዕድሜው ሁሉ የሚሰርቀው አልነበረም።